እጅጌው አይቆረጥ

አባቴ ከመሬት ተነስቶ ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን ማንም አልነገረኝም፤ በካፖርቱ ደረስኩበት። ያኔ የፊት ጥርሶቼ ረግፈው አዲሶቹ ገና ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። በራሴ ብልጠት ደግሞ ክፉኛ የምተማመን ልጅ ነበርኩ። አዋቂዎች አንድ ነገር ከደበቁኝ ሽታው ይደርሰኛል ብዬ አምን ነበር፤ ሽታውስ በእርግጥ ይደርሰኝ ነበር፤ የምስተው ምን እንደሚሸት ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምንተኛው ከምትሰፋበት ክፍል ጀርባ ነው፤ የሚለየን አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ በስፌት መኪናው ድምፅ እተኛለሁ፣ በስፌት መኪናው ድምፅ እነሳለሁ። ግድግዳው ላይ በረድፍ ምስማር ተመትቷል፤ በየምስማሩ የአንድ ደንበኛ የወረቀት ቅድ ተሰቅሏል። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ እናቴ ልኩን ትወስድና ደረቱን፣ ጀርባውን፣ እጅጌውን ለየብቻ ከወፍራም ቡናማ ወረቀት ቆርጣ በክር አስራ ትሰቅለዋለች። ሌላ ጊዜ ልብስ ሲያዝ ሰውየው መቆም የለበትም፤ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግታ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምራ ትቆርጣለች። ለእኔ እነዚያ ወረቀቶች ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በር ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ ባለመድኃኒት ቤቱ ከአስተማሪዋ ጋር ይንሾካሾካል፤ ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ በሁለቱ መሃል ገብቶ ያስቸግራል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው። ደንበኛ ሲሞት ወይም አገር ለቆ ሲሄድ ቅዱ ይወርዳል። እናቴ «ነፍስ ይማር» ትልና ወረቀቱን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔም በሟቹ ጀርባ ላይ ዶሮና አውሮፕላን እስልበታለሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ግን የአባቴ ቅድ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ገና በእቅፍ ሳለሁ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝም «አባቴ ሞቷል» እያልኩ እንደ ትልቅ ሰው እመልሳለሁ። ሆኖም ቅዱ አልወረደም። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። ቅዱ ካልወረደ ደንበኛው አንድ ቀን ይመጣል ማለት ነው።

ብርዱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ያንን ቅድ አወረደችው። ልትሰጠኝ መስሎኝ እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅኩ፤ በአባቴ ጀርባ ላይ ዶሮ መሳል አልፈለግኩም። እሷ ግን አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወረቀቱን ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። ጠመኔዋን አነሳች። አሰመረች። ከዚያ ትልቁ መቀስ ጨርቁን እየበላ ሲሄድ ሰማሁት፤ እንደዚያ ቀን ያስደሰተኝ ድምፅ የለም።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ጥግ ካለው ወንበሯ ላይ ሆና ቁልፍ ትለይ ነበር። ምላሷ ስለት ነው፤ ዝንብ እንኳ ተረት ሳይተረትባት በአጠገቧ አታልፍም። ያን ጠዋት ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ቁልፎቹን ጭኗ ላይ እንደያዘች የእናቴን እጅ በዓይኗ ትከተል ነበር። አያቴ ዝም ካለች ነገሩ ቀላል አይደለም። በልቤ «እሷም ታውቃለች» አልኩ።

ካፖርቱ ቅርጽ እየያዘ በመጣ ቁጥር ከመጋረጃው ወዲያ ወሬው በዛ። ከምሳ በኋላ ተኝታለች ተብዬ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ አያቴ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «ልጅቷ ሳታየው ምንም ነገር አይቆረጥም» አለች። እናቴም ልጄ ከሸሸችው ነገሩ ያበቃል፣ ለራሱም ነግሬዋለሁ ብላ መለሰች። «እኔስ?» አለች አያቴ። የእናቴን መልስ አልሰማሁትም፤ የስፌት መኪናው ተነሳ።

እኔ ነገሩን በደንብ ተረድቼዋለሁ። አባቴ ተመልሶ ሲመጣ ደንግጬ እንዳልሸሸው ፈርተዋል። ምን ያሸሸኛል? እንዲያውም የማላውቀው እሱ ይደነግጥ እንደሆነ ነው፤ ትቶኝ የሄደው ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ማን ናት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እናም ብቻዬን ስሆን ስሜን ጮክ ብዬ እየተናገርኩ እጅ መንሳት ተለማመድኩ።

ዛሬ ያ ሁሉ ሹክሹክታ ምን እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ልታሳየን ያሰበችው ሰው የአባቴ መቃብር ያለበትን የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጥር የሚያድስ ግንበኛ ነበር። የአባቴ የመቃብር ድንጋይ ማዘንበሉን አይቶ ማንም ሳይለምነው አቃናው። እናቴ ልታመሰግነው ቆመች፤ ከምስጋናው በኋላም ትንሽ ቆመች። በየጊዜው ብቻዋን ወደዚያ ስትመላለስ ነገሩ ሥር ሰደደ፤ እንጋባም አላት። እሷም ልጄ ከሸሸችህ ይቅር፣ አማቴ ፊቷን ካዞረችብህም ይቅር ብላ እቅጩን ነገረችው። ሴትዮዋ የመጨረሻ ዕድሏን ለአንዲት ጥርሰ ወላቃና ለአንዲት ምላሰኛ አሮጊት ሰጥታ፣ ውጤቱን እየጠበቀች ካፖርት ትሰፋ ነበር።

ለእኔ ግን የተነገረኝ አበባ ልናይ እንደምንሄድ ብቻ ነው። ምን ዓይነት አበባ እንደሆነ ስጠይቃት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ በአባቴ መቃብር ዙሪያ የሚወጣ ነጭ አበባ አለ፣ ሌላው ተክል ገና ከብርዱ ጋር ሲሟገት እሱ ቀድሞ አንገቱን ብቅ ያደርጋል አለችኝ። ማን ተከለው አልኳት። «ማንም» አለች። «ከአፈር በታች ተኝቶ ይከርማል። ጊዜው ሲደርስ ብድግ ይላል።»

በቃኝ። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ካፖርቱ በአባቴ ልክ ተቆርጧል፣ ጊዜው ደርሷል፣ የምንሄደው እሱ ወዳለበት ነው። የቀረው የእኔ ዝግጅት ነው። ያን ያህል ጊዜ አፈር ውስጥ የከረመ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩና ከመታጠቢያው ቁራጭ ሳሙና አነሳሁ። አንድ ጨርቅ ውኃ ነክሬ በላስቲክ ጠቀለልኩ። ብርድ ስለሆነም ካልሲ ያዝኩ፤ የራሴን ነው፣ ሌላ አልነበረኝም።

በሄድንበት ቀን አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫው ይወጋኝ ይመስል ቁጭ ብድግ እል ነበር። መስኮቱ በትንፋሼ ይደፈናል፣ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፣ መልሶ ይደፈናል። እናቴ ካፖርቱን በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን ትይዘው ነበር። አያቴ ከጎኔ ናት። ጆሮዋ ሥር ገብቼ «ረጅም ነው?» አልኳት።

አያቴ ዞራ አየችኝ፤ ምስጢሩን ማወቄ አስገረማት። «እንጃ። አላየሁትም» አለች። «እናትሽ ግን አይታዋለች፤ ለእሷ በቅቷታል።»

የወለደችውን ልጅ አላየሁትም ማለቷ አሳዘነኝ። እርጅና ክፉ ነው ብዬ እጇን ያዝኩላት።

ከአውቶቡሱ ወርደን ጭቃማውን መንገድ ስንጨርስ አጥሩ ታየ። ግማሹ አሮጌ፣ ሽበት ያወጣ ድንጋይ ነው፤ ግማሹ አዲስ ተክቦ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። የብረቱ በር ተንሲጥጦ ተከፈተ። ከዚያ አበባውን አየሁት። ጥቂት ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ነበር። በመቃብሮቹ መሃል፣ በዛፎቹ ሥር፣ በድንጋዮቹ ስንጥቅ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ይወዛወዛል። ቅጠል ያወጣ ዛፍ አንድም የለም፤ ወፎቹ እንኳ ገና ላባቸውን ነፍተው ነው የተቀመጡት። ይህ ሁሉ ከአፈር ሥር ሊወጣ ከቻለ አንድ አባት ምን ያቅተዋል? ጮክ ብዬ ሳቅኩና ከእናቴ እጅ አምልጬ ሮጥኩ።

የአባቴን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ያለው ነው። ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከድንጋዩ ጀርባ አንድ ሰው ከመሬት ብድግ አለ። እጁ እስከ ክርኑ አፈር ነው። ጉልበቱ አፈር ነው። ግንባሩ ላይም አፈር ነበረበት።

ግንበኛው ኋላ እንደነገረኝ፣ ከማለዳ ጀምሮ አበባው ደምቆ እንዲታየን አረሙን ሲነቅል ቆይቶ ጨርሷል። የብረቱ በር ሲንሲጥጥ ሲሰማ የሚያደርገው ጠፋውና የተነቀለውን አረም እንደገና ሊነቅል ተንበረከከ። እኔ ይህን በምን ልወቅ። እኔ ያየሁት በተባለው ቦታ፣ በተባለው ጊዜ፣ ከአፈር የወጣ ሰው ነው።

«አባዬ» አልኩት። የተለማመድኩትን እጅ መንሳት ረሳሁት። «እጅህን አምጣ፣ ልጥረግልህ።»

ሰውየው እጁን ሰጠኝ። ሌላ ምን ያድርግ? ጨርቄን አወጣሁ፣ ሳሙናዬን አሸሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመርኩ። መዳፉ የሚሻክር፣ ጣቶቹ አጫጭር ነበሩ። ለምን አፉ እንደሚንቀጠቀጥ አልገባኝም፤ በርዶት ነው ብዬ ካልሲውንም አወጣሁለት። ከኋላዬ እናቴ ጥቅሉን ታቅፋ ደርቃ ቀርታለች። አያቴ ዝቅ ያለው አሮጌ አጥር ላይ ቁጭ ብላ አፏን በእጇ ይዛለች።

አሁን እናት ሆኜ ሳስበው ያቺን ቅጽበት እፈራታለሁ። ያ ሰው የሚመኘው ሁሉ በእጁ ገብቶ ነበር። ልጅቷ እንዳትሸሸው ሲጸልይ የከረመ ሰው፣ ልጅቷ ራሷ ሮጣ መጥታ አባዬ ብላዋለች። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

ተንበረከከና ፊቱን ከፊቴ ጋር አስተካከለ። «ስሚኝ፣ የኔ እመቤት» አለኝ። «እኔ አባትሽ አይደለሁም። አባትሽ እዚህ ነው፣ እዚህ ድንጋይ ሥር። እሱ አይነሳም። እኔ አጥሩን የምሠራው ግንበኛ ነኝ።»

ጨርቄን ከእጁ ላይ ነጠቅኩ። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ አይደለም፣ በአበባው ነው። ያን ሁሉ ነጭ ነገር አስወጥቶ አንድ ሰው ማስቀረት ምን ይሉታል? እንባዬ መጣ፤ ግን ከእንባዬ ቀድሞ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ወደ እናቴ ዞሬ ካፖርቱስ የማን ነው አልኳት።

እናቴ እውነቱን ተናገረች። ለእሱ ነው አለች፤ እኛ ቤት እንዲመጣ የምትፈልገው እሱ እንደሆነም ጨመረች። በአባዬ ቅድ ነው የተቆረጠው ብዬ ሞገትኳት። ጉንጯ ቀላ። ጥቅሉን ፈታችና ካፖርቱን ለሰውየው አቀበለችው፤ እሱም ለበሰው።

ትከሻው ልክ እንደ ፈሰሰ ውኃ ተኛለት። እጅጌው ግን ወርዶ ወርዶ ጣቶቹን ዋጣቸው። እጅ የሌለው ሰው መስሎ ቆመ። የእናቴ ዓይን ተሳስቶ አያውቅም፤ ደንበኛ በር ላይ ሲቆም ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚፈጅ የምትናገር ሴት ናት። ኋላ ስጠይቃት እየሳቀች ነው የነገረችኝ፦ መቃብር ቦታ ቆማ የወንድ ደረት በሜትር ብትለካ ሰው ምን ይላል ብላ ልኩን በዓይኗ ወሰደች። ትከሻው የአባቴን ሲሆንባት ደስ አላት፤ ቅዱን አወረደች። ዓይኗ ትከሻው ላይ ቀርቶ ወደ ክንዱ አልወረደም። እጇ የለመደውን እጅጌ ቆረጠ።

«የልጄ ክንድ ነው» አለች አያቴ ከአጥሩ ላይ። ድምጿ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። «ከልጅነቱ ጀምሮ እጅጌ አይበቃውም ነበር።»

እናቴ ሐፍረቷን በሥራ ልትሸፍን ጠመኔዋን ከኪሷ አወጣች፤ በሰውየው የእጅ አንጓ ላይ አሰመረችና ትንሿን የኪስ መቀሷን አነሳች። እኔም እጇ ላይ ተንጠለጠልኩ። «አይቆረጥ! እሱ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?»

ነፋስ መጣና አበባው ሁሉ ባንድ ጊዜ አንገቱን ነቀነቀ። ሰውየው የተዋጡ እጆቹን ሲያይ ቆየና እንደገና ተንበረከከ።

«አይመጣም ብዬሻለሁ፤ አልዋሽሽም» አለ። «ግን እውነትሽን ነው፣ እጅጌው አይቆረጥ። ወደ ውስጥ ይታጠፍ። የእሱ ልክ እዚያው ውስጡ ይቀመጣል፤ ለእኔ አደራ ነው። የሚደርሰው ሰው ከመጣ ይፈታለታል።»

ነገሩን በራሴ ሚዛን መዘንኩት። አባቴ አይመጣም፣ ልኩ ግን አይወርድም። ከቤታችን ሕግ ጋር አይጋጭም። ይሁን አልኩ።

አያቴ ከአጥሩ ላይ ተነሳች። ኮሌታዋ ሥር ሁልጊዜ የምትሰካትን መርፌ ነቀለች፣ ክር አምጪ ብላ እናቴን አዘዘች። «ና ወዲህ፣ ባለአደራ» አለችው። እዚያው እንደቆመ፣ በላዩ ላይ፣ ሁለቱን እጅጌዎች ወደ ውስጥ አጥፋ ቀመቀመችለት። ስትቀመቅም ምላሷ ተመለሰላት፤ ምራቷን ቢያስለቅስ ይህችው መርፌ የት የት እንደምትገባ በዝርዝር አስረዳችው። እሱም አቤት፣ እሺ፣ አቤት ይላል። ቤት ከገባን በኋላ አያቴ ለእናቴ አንድ ነገር ብቻ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ ያን ጠዋት ቅዱን ስታወርጂ አይቼ ሐሳብሽን ቀይረሽ የልጄን ልብስ ልትሰፊ መስሎኝ ነበር አለቻት። ከአዋቂዎቹም መሃል አባቴን የጠበቀች ነበረች ማለት ነው።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ እናቴ እጄን ይዛ፣ ሌላ ቀንም እንምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ያኔ ግን ሽቅቡ ያደከማት መሰለኝ። ካፖርቱ እሱ ጋ ስላለ መምጣት አለብን፣ ደግሞ ከምንመላለስ እሱ ቤታችን ቢመጣ ይሻላል አልኳት። ያን መንገድ ስትስቅና ስታለቅስ ጨረሰችው። እኔም ከግቢው የቀጠፍኩትን አበባ እያሸተትኩ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ አንድ ነገር ያሸነፍኩ ያህል ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ባለአደራ ከእኛ ጋር አረጀ። አባዬ ብዬው አላውቅም፤ እሱም አላለችኝ ብሎ ተቀይሞ አያውቅም። ካፖርቱን በየብርዱ ለበሰው፤ ጥቁር ሰማያዊው ወደ አመድነት ሄደ፣ ገበሩ ተቀየረ፣ ቁልፎቹ ተቀየሩ፣ እጅጌው ግን ሳይቆረጥ ቀረ። በአያቴ ክር ላይ እናቴ ደረበችበት፣ በእናቴ ላይ እኔ ደረብኩበት። አያቴም ጊዜዋ ደርሶ ከልጇ አጠገብ ተኛች፤ ነጩ አበባ እሷንም አልረሳም።

ዘንድሮ አበባው ሲወጣ አራት ሆነን ሄድን፤ እናቴ፣ ባለአደራ፣ እኔና ልጄ። ልጄ በአንድ ክረምት ተመዞ ያደገ፣ እጁ የት እንደሚደርስ ገና ያላወቀ፣ ባለፈበት ሁሉ ብርጭቆ የሚጥል ጎረምሳ ነው። ብርድ አለ ብለው ሰምቶ አያውቅም፤ በሸሚዝ መጣ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ባለአደራ እያጉረመረመ ካፖርቱን አወለቀና ትከሻው ላይ ጣለለት።

ልጄ እጁን ሲያስገባ ትከሻው ልክ ተኛ፤ እጅጌው ግን ከአንጓው በላይ ቀረ። አንጓዎቹ ብርድ ላይ ተጋልጠው ቀልተዋል። እኔና እናቴ ተያየን። እሷ አጥሩ ላይ፣ ያኔ አያቴ ተቀምጣበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ ነበር። ትንሿን መቀስ ከቦርሳዋ አወጣችና ሰጠችኝ።

የእኔን ክር ፈታሁ፣ የእናቴን ፈታሁ፣ ከሥር የአያቴን ወፍራም ስፌት አገኘሁና እሱንም ተረተርኩት። እጅጌው ወረደ። ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ እናቴ ያን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችው ያ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጠመኔው ሳይቀር በስሱ ይታያል። እጅጌው የልጄ አንጓ ላይ ደርሶ ቆመ። አልረዘመም፣ አላጠረም።

ባለአደራ ቀረብ ብሎ ጫፉን በጣቶቹ ዳሰሰው። ጣቶቹ ዛሬም አጫጭር ናቸው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«መጣ አይደል?» አለኝ።

«መጣ» አልኩት።

ልጄ ምን እንደምንባባል አልገባውም። አበባው መሃል ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሁለት ቀለም ያለውን እጅጌ ያይ ነበር።